የፈለቀች የሆራ ትምህርት

የሸዋ ጦር ባሌን ይዞ ጎባ ላይ በሰፈረ በሦስተኛው ዓመት፣ የወታደሩ የተክለማርያም ላሞች ጨርቅ መብላት ጀመሩ። አራት ናቸው፤ ከዘመቻው ድርሻ የደረሱት። ከማን በረት እንደ ወጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ጠይቆ አያውቅም። እግሩን ጥይት ስለመታው ማረስ አይችልም፤ ቤቱ የሚያድረው በላሞቹ ወተት ነው። ወተቱ ደግሞ እየነጠፈ ነበር።

ተክለማርያም ቡዳ ነው ብሎ በየአንገታቸው ክታብ አሰረ። በማግስቱ አንዷ የሌላዋን ክታብ ከነማሰሪያው ቆርጥማ በላችው። ጎረቤት ይህን እያነሣ ለስንት ዓመት ሲሥቅበት ኖሯል።

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጁ ፈለቀች ግን ምክንያቱን ከገበያ ሴቶች ሰማች፦ የዚህ አገር ከብት ሆራ የሚሉትን ጨዋማ ምንጭ በየጊዜው ካልጠጣ ያገኘውን ያኝካል። አባቷ ይህን ሲሰማ ጠመንጃውን አንግቶ፣ በቅሎ ላይ ሆኖ ላሞቹን እየነዳ፣ ተራ ሳይጠይቅ ሆራው ውስጥ ገባ። ከብት ወደ ሆራ የሚወሰደው ቀኑን ሙሉ ውኃ ተከልክሎ መሆኑን አላወቀም። ጠዋት ወንዝ የጠጡት ላሞች አሽትተው ዞሩ። ተራቸውን የሚጠብቁት እረኞች ጠመንጃውን ፈርተው ሣቃቸውን አፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሳምንቱ ፈለቀች ላሞቹን ይዛ ብቻዋን ሄደች። የሆራውን ተራ የሚያስከብሩት አዴ ሎኮ የሚባሉ የአገሩ አሮጊት ነበሩ። እንዲያስተምሯት ለመነቻቸው። ከአራቱ አንዷ፣ ቡራዋ ላም፣ መጥታ የአሮጊቷን መዳፍ ላሰች።

«ይህች በእኔ በረት፣ በእጄ ነው የተወለደችው» አሉ።

ፈለቀች የምትገባበት ጠፋት። «ያባርሩኛል?»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ላሟ ምን አጠፋች? ቀሚስሽን ሰብስቢና ግቢ።»

ሁለት ወር ጭቃ ዛቀች፤ ከራሷ ላሞች አስቀድማ ለሰው ከብት ቀዳች፤ ላም መታመሟን ከጆሮዋና ከእበቷ መለየት ተማረች። ላሞቹ በየተራቸው እየጠጡ ጨርቅ መብላት ተዉ፣ ወተቱም ተመለሰ። ቡራዋ ሴት ጥጃ ወለደች። ጥጃዋ ጡት ስትተው ፈለቀች ነድታ ለአዴ ሎኮ አስረከበቻት። ተክለማርያም ሦስት ቀን ልጁን አላነጋገራትም፤ በአራተኛው እርጎ ሲቀርብለት ታረቀ።

ከዚያ ወዲህ የሰፋሪውን ልጆች ከብት ጥበቃ ያስተማረች እሷ ናት። ማንም ቢሆን የራሱን ላም ከማጠጣቱ በፊት ለአዴ ሎኮ ከብት ይቀዳል፤ እሳቸው ከሞቱ በኋላም ለልጆቻቸው። እናቴም በልጅነቷ ቀድታለች። ያ ጭቃ ከጥፍር አይለቅም እያለች ታማርራለች፤ ባማረረች ቁጥር ግን ሁለቱንም ሴቶች ነፍስ ይማር ሳትል አታበቃም።