ሦስት ቀን የናፈሱ ከረጢቶች

እኔን ቢሰድቡኝ እችላለሁ፤ በሶዬን ሲሰድቡብኝ ግን ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ክረምት የአዲስ አበባው ደንበኛዬ ደወለና፣ "እህቴ፣ የላክሽው በሶ ጓጉሏል፣ ሻግቷል። የእናንተ አገር ገብስ ድሮም እርጥብ ነው መሰለኝ" አለኝ። የበቆጂ ገብስ! በገዛ እጄ ለቅሜ፣ ቆልቼ ያስፈጨሁት! የመጀመሪያ ጭነቴ ነበር። እሱ ከተወኝ ደግሞ አለቀልኝ፤ አሰላ ውስጥ በሶ የሌለው ቤት የለም፣ ማን ይገዛኛል?

ተጠንቅቄ ነበር እኮ። በሐምሌ አሰላ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ስለዚህ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን፣ እርጥበት የምትመጥጠዋን ትንሽ ከረጢት አንድ ፌስታል ሙሉ ገዝቼ በየእሽጉ አንዳንድ ከትቻለሁ። ታዲያ እንዴት ይሻግታል? የሸጡልኝ ሽማግሌ አታለውኛል ማለት ነው!

ደንበኛዬ የመለሰልኝን በሶ ተሸክሜ፣ ጃንጥላ እንኳ ሳልይዝ ሱቃቸው ሄድኩ። ገበያተኛው እየሰማ፣ "ሐጂ፣ በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? አሸዋ ነው የሸጡልኝ!" አልኳቸው።

ሐጂ ሚዛናቸውን ወደ ፊት ሳቡ። ከተመለሰው በሶ ውስጥ አሥር ከረጢት አወጡና በሚዛኑ አንድ ወገን አስቀመጡ። በሌላው ወገን፣ ጥብቅ ብሎ ከተከደነ ጣሳ አሥር ከራሳቸው አደረጉ። የእኔ ወገን ቁልቁል ወረደ።

"የአንቺዎቹ ውሃ ጠጥተው ጠግበዋል። ልጄ፣ ፌስታሉን ከፍተሽ አስቀምጠሽ ነበር?"

"ወላሂ፣ እስካሽግ ድረስ አልተከፈተም!" አልኩና እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ላሳደጉኝ አክስቴ ነገርኳቸው። "ፌስታሉን ከፍተሽ ነበር ወይ ይሉኛል፣ ጭራሽ!"

"መከፈት አለበት እንጂ!" አሉ አክስቴ። "ታፍኖ የመጣ እህል ሳይናፈስ ጎተራ ይገባል? እኔ ራሴ መስኮቱን ከፍቼ፣ ከረጢቶቹን ሰፌድ ላይ አስጥቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አናፍሼ መለስኩልሽ።"

ሦስት ቀን! በሐምሌ ጉም! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ሻርፓቸውን አንስተዋል። "ያ ሌባ! ልጄን አታሎ? ቆይ፣ ልክ ልኩን ልንገረው!"

በር ላይ ደረስኩባቸው። "ይቀመጡ፣ አክስቴ። ከረጢቶቹን ቀድሜ ዝናብ ያስመታኋቸው እኔ ነኝ።" ብዬ ዋሸኋቸው።

"ድሮም ዝርክርክ ነሽ! እኔ ባላናፍስልሽማ ኖሮ ጭራሽ ትል ያፈራ ነበር!" አሉኝ። ጥፋቱን ተሸክሜ፣ ይባስ ብዬ ምርቃታቸውን ለመንኩ!

በማግስቱ ያው ገበያተኛ እያየኝ ሐጂን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ከመሬት በታች በገባሁ ይሻለኝ ነበር። ደንበኛዬንም ብለምነው፣ "አንድ ጊዜ ብቻ እሞክርሻለሁ" አለኝ። ከሐጂ የገዛሁትን አዲስ ፌስታል ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። አክስቴ ሲጠይቁኝ "ጠፋብኝ" አልኩ።

ሁለተኛው ጭነት በደረሰ በወሩ ሰውየው ደወለ። "ይኼኛው ደረቅ ነው፣ ሌላ ላኪ። ገብስ ቀየርሽ እንዴ?"

"ገብሱማ ያው ነው!" ብዬ ጮኽኩበት።

አክስቴ ከጓዳ ሰሙ። "ናፍሶ ነው በይው! አክስቴ አናፍሳልህ ነው በይው እንጂ!"

ቁልፉን በልብሴ ላይ ጨበጥኩት።

"አዎ" አልኩት። "አክስቴ አናፍሰውልህ ነው።"