ለፕሮፌሰሩ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

ሸዋሮቢትን የለቀቅሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። በሌሊት ወጣን፣ ዘመድ አልቅሶ ሸኘን የምትሉ ታድላችኋል! የእኔ አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት አስቀመጠንና ሸኚው ሁሉ ሙቀቱ አንገሽግሾት ወደየቤቱ ተበተነ። አባቴ ብቻ ቀሩ። ከቀወት ገጠር በእግራቸው የመጡ ሰው፣ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆመው መኪናው እስኪሰወር አዩኝ። ጣርማ በር ላይ ነፋሱ ሲገርፈኝ «ብርድ ማለት ይኼ ነው» ብዬ ጋቢዬን ተከናነብሁ። ሞኝ! ጀርመን የገባሁት በጥር ነበር።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሁ፤ የሄድሁት ለዶክትሬት ትምህርት ነው። ስለዚህ አንተ ስደተኛ አይደለህም የሚሉኝ አሉ። ይምጡና አከራዬን ይዩልኝ! በየጠዋቱ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ትገባና መስኮቱን ብርግድ ታደርገዋለች። «ሉፍተን!» ትላለች፤ አናፍስ ማለት ነው። «እመቤቴ፣ በረዶ እየገባ እኮ ነው» ስላት «ውሉ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። ባነበው እውነትም ተጽፏል። ሸዋሮቢት ቢሆን ለዚያ ነፋስ እግሯን በሳምሁ ነበር፤ እዚህ ግን ካፖርት ለብሼ ነው የምተኛው።

የላቦራቶሪያችን ሥራ ከረጢት ነው። ከላም ኩላሊት አናት ላይ የምትቀመጠውን ዕጢ ከቄራ በበረዶ እናመጣለን። ውስጧ በዓይን የማይታዩ፣ አድሬናሊን የታጨቀባቸው ከረጢቶች አሉ። ሰው ሲደነግጥ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ ከረጢቷ ከሴሉ ግድግዳ ጋር ትጣበቅና የያዘችውን ወደ ደም ትዘረግፈዋለች፤ ያኔ ነው ልባችሁ ድው ድው የሚለው። ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገረውም በዚሁ ዓይነት፣ ከእነዚህ ባነሱ ከረጢቶች ነው። የላቦራቶሪያችን አለቃ የሆነው ፕሮፌሰር ስሙ የተጠራው ደግሞ «ከረጢቷ ራሷ ላይ ቻናል አለ» ብሎ ነው። ቻናል ማለት ክሎራይድ የሚባለው የጨው ቅንጣት የሚያልፍበት በር ነው። ካልሲየም ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ በሩ ካልተከፈተ ከረጢቷ አትዘረግፍም ይላል። በዚህ ነገር ሃያ ዓመት እንጀራውን በልቷል።

እኔ ጫፏ ከፀጉር በቀጠነች የብርጭቆ ቀሰም ከረጢቷን ይዤ፣ በሩ ሲከፈት የምታልፈውን ኤሌክትሪክ እለካለሁ። ካልሲየም ጨመርሁ፤ በሩ ተከፈተ። እሰይ! ግን ከረጢቶቼን ባያቸው ቆሻሻ አለባቸው፤ ከሌላ የሴሉ ክፍል የመጣ ስብርባሪ ተቀላቅሏል። በወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ በማሽን አሽከርክሬ እንደገና አጠራኋቸው። ካልሲየም ጨመርሁ፤ ጭጭ! ሌላ ዕጢ አመጣሁ፤ ጭጭ። ወር ሙሉ ጭጭ። ቆሻሻውን ለብቻው ስለካው ግን በሩ እዚያ ቁጭ ብሏል! ሰውዬው ሃያ ዓመት ሲለካ የኖረው የከረጢቷን ሳይሆን የቆሻሻውን በር ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ግራፉን አሳየሁ። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ «ጥፋቱ የእጅህ ነው» አለኝ። «ከረጢቶቹን በማጠብ ብዛት ገድለሃቸዋል። ይህ ሥራ ጥሩ እጅ ይፈልጋል።» ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። እኔም ዝም አልሁ። ሽበታም ሰው በሰው ፊት ይታረማል እንዴ? እንደዚያ አላደግሁም። እነሱ ግን ጥፋቱን አመነ ብለው ሄዱ።

ፕሮፌሰሩ የሚፈርመው የሥራ ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ደግሞ በውሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድሁ።

«ውል ካመጣህ ፈቃድ ይታደሳል» አለች ሠራተኛዋ።

«የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድህን አሳድስ ይሉኛል።»

«እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው።»

«እኔስ የማን ጉዳይ ነኝ?»

«ቀጣይ ቁጥር!» ብላ ደወሏን ተጫነች።

እንግዲህ ምን ላድርግ? የአገሬ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ። አትሳቁ! አባቴ ድንበር የተጋፋውን፣ ከብት ለቆ ማሽላ ያስበላውን ሲያስታርቁ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱትን ጋሼ ግርማንና የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ ለመንሁ። ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ያለ ቀጠሮ የፕሮፌሰሩ በር ላይ ቆሙ። ጸሐፊዋ ደንግጣ ጥበቃ ጠራች።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ ጥበቃው።

«እርቅ» አሉ ጋሼ ግርማ በጀርመንኛቸው።

«ቀጠሮ አላችሁ?»

«እርቅ ደግሞ ምን ቀጠሮ አለው!»

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ፊቱ አመድ መሰለ። ኋላ ግን ነገሩ ሲገባው፣ ተንኮለኛ፣ ጥበቃውን መልሶ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው፣ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጣቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔን አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነው» አሉኝ ጋሼ ግርማ። «ውልህን ለሁለት ዓመት ሊፈርምልህ ነው። አንተም ያቺን የመጨረሻዋን ልክህን ትተዋለህ። በሩ አለ ብሎ በሚያሳትመው አዲስ ጽሑፍ ስምህን ታስገባለህ። በቃ፣ አለቀ።»

«ጋሼ፣ በሩ እኮ የለም!»

«በዓይን ለማይታይ በር ከእንጀራህ ልትጣላ ነው? ተው እንጂ!»

ቄሱም «በል ተነሥ፣ እጁን ጨብጥ» አሉኝ።

እምቢ ልበል? ራሴ ለምኜ የላክሁትን ሽማግሌ ልርገጥ? ፕሮፌሰሩ ይህን ከየት እንዳወቀ እንጃ፣ ፈገግ ብሎ ያየኛል። እርር ድብን እያልሁ እጁን ጨበጥሁ። ቄሱ ሲመርቁን እሱም «አሜን» አለ።

ውሉ ተፈረመ፤ ፈቃዱም ፓስፖርቴ ላይ ተለጠፈ። ጽሑፉ ተጽፎ አለቀ።

ትናንት ለአባቴ ደወልሁ። ስልኩ የአንድ የሸዋሮቢት ባለሱቅ ነው፤ እሳቸው ለገበያ ሲወርዱ ጠብቄ ነው የማገኛቸው።

«ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ነበር፤ በሽማግሌ ታረቅን አባባ» አልኋቸው።

«እሰይ! ነገሩ ምን ነበር?»

ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው፤ ከረጢቱን፣ በሩን፣ ቆሻሻውን። አላቋረጡኝም።

«እውነቱ መጀመሪያ ወጣ?» አሉኝ።

«የምን እውነት?»

«በሩ አለ ወይስ የለም? እኛ ድንበር ስናስታርቅ ድንጋዩ ከተተከለበት ሄደን እናያለን። ሽማግሌዎችህ ምን አይተው ነው ያስታረቁህ?»

«ምንም አላዩም። የሚታይም አይደለም።»

«አንተስ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ጽሑፉ ላይ ስምህ አለ?»

«አለ። ግን እዚህ አጻጻፉ ሌላ ነው። የእኔን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል፤ የሚጻፈው የአባት ስም ነው።»

«የእኔ ስም?»

«አዎ፣ ደምሴ ይላል።»

«አስወጣው።»

«አባባ፣ ካስወጣሁት ውሉ ይፈርሳል። ከዚህ አገር ያባርሩኛል።»

«እኔ ስለ አገሩ ምን አልሁህ? ስሜን አስወጣ ነው ያልሁህ።»

ደህና ሁን እንኳ አላሉኝም፤ ስልኩን ለባለሱቁ መለሱለት። ባለሱቁ «ምን ብለሃቸው ነው? እያለቀሱ እኮ ነው የወጡት» አለኝ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ጽሑፉ ሰኞ ለሳይንስ መጽሔት ይላካል። እስከዚያ የምታርመው ካለ ብሎ ፕሮፌሰሩ ልኮልኛል። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ደምሴ የሚለውን ስም ከጠዋት ጀምሮ አያለሁ። አልዋሻችሁም፣ ፈርቻለሁ።