ድመት በውሰት

ለሥራ ወደ ባቱ ስሄድ ድመቴን ውሮን ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ አደራ ሰጠሁ። በዚህ በአዳማ ሙቀት ውሃ እንዳይጎድልባት፣ የዓሣ አጥንት እንዳያንቃት፣ ብቻ ስንት ልጅ ላሳደጉ ሴት ምክር አዘነብኩባቸው። "ሂድ እባክህ! ድመት እንጂ ሙሽራ አልሰጠኸኝ" ብለው ሸኙኝ።

ስመለስ ትኩስ የባቱ ዓሣ ይዤላት በራቸውን አንኳኳሁ።

"ውሮስ?"

"ደህና ናት። ማዶ ያሉት አዴ ፋጤ ጤፍ አስገብተው አይጥ ቢያስመርራቸው ጊዜ አዋስኳቸው።"

አዴ ፋጤ ዘንድ ስደርስ "አካም ጅርታ ልጄ! በረካ ያላት ድመት ናት። አይጦቹን ሙልጭ አድርጋ ጨረሰችልኝ። ወፍጮ ቤቱ ሰምቶ ወሰዳት" አሉኝ።

ወፍጮ ቤት ብገባ ውሮ ዱቄት ለብሳ ጆንያ ላይ ተንጋላለች። አየችኝና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

"የኔ ድመት ናት" አልኩት ባለወፍጮውን።

"ይሁና። ቤትህ አይጥ አለ?"

"ኧረ የለም!" አልኩ ኮራ ብዬ።

"ታዲያ ምን ታደርግልሃለች? ሰው ተቸግሯል እኮ! ነገ ደግሞ ዳቦ ቤቱ ይፈልጋታል።"

ተናድጄ ባዶውን ወደከረመው ቤቴ ገባሁ። ዓሣውን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ፣ ፊቴን ታጥቤ ብመለስ አንዲት አይጥ ከላይ ትገፋዋለች፤ ሌላዋ ከሥር ቆማ ትጠብቃለች።

እየሮጥኩ ወፍጮ ቤት ተመለስኩ። ባለወፍጮው ገና አፌን ሳልከፍት ገባው።

"ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ነህ" አለኝ።