የእሁድ አስፋልት

በእኛ ልጅነት እሁድ ጠዋት ደብረ ብርሃን የልጆች ነበረች። ትልልቆቹ በሙሉ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ናቸው። መቅረት ስለሚያስጠይቅ እናቴም አባቴም፣ ጎረቤቶቻችንም፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ሳይቀር አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ነዳጅ በራሽን ስለነበር መኪና ብዙም አያልፍም። ከከተማው ወጥቶ ወደ ወንዙ ድልድይ የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ባዶውን ተጋድሞ ይጠብቀናል። ባዶ ቁልቁለትና ጠባቂ የሌለው ልጅ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ቁልቁለቱን የምንወርድበትን ጋሪ የሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ወፍጮ ቤት እየዞረ ሞተር የሚጠግን ሰው ስለነበር ያረጀ ኩሽኔታ ከቤታችን አይጠፋም። ወንድሜ ደህና ደህናውን መርጦ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ ጠርቦ ባዘጋጃቸው ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ጫፍና ጫፍ ላይ በጎማ ፋንታ ሰካው። በላዩ ጣውላ መታበት። የፊተኛው እንጨት መሐሉን በአንድ ቡሎን ብቻ የተያዘ ስለሆነ፣ ከፊት የተቀመጠው ሰው በእግሩ እየገፋና በገመድ እየሳበ ወደፈለገበት ያዞረዋል። ፍሬኑ ከኋላ ነው፤ የመኪና ጎማ ቁራጭ የተቸነከረበት አጭር ዱላ። ዱላው ሲሳብ ጎማው አስፋልቱን ይፈትግና ጋሪው ይቆማል። ደስ ካለው ማለቴ ነው።

በዚያ ጨዋታ የእኔ ድርሻ ዳገት መግፋት ነበር። ወንድሜ ነድቶ ይወርዳል፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ ወገቡን አንቄ እወርዳለሁ፤ ከዚያ እሱ ገመዱን እየጎተተ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ወደ ላይ እንመለሳለን። በጋውን እንዲህ ከገፋሁ በኋላ አንድ እሁድ ቁልቁለቱ አናት ላይ ስንደርስ ጋሪው ላይ ከፊት ተቀመጥኩ።

"ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳው" አልኩት።

"አንቺ? ሴት ልጅ መሪ ትይዛለች እንዴ?"

"ዳገቱን የገፋው ማን ነው?"

"መግፋትና መንዳት ለየቅል ነው።"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ራስህ ግፋ።"

ወንድሜ ዳገቱን መለስ ብሎ አየው። ብቻውን ሲገፋው የታየው ይመስለኛል።

"እሺ፤ ፍሬኑን እኔ እይዛለሁ" አለ። "ግን ስጮህ ወደ ዳር ታወጫለሽ። ሰማሽ?"

ሰማሁ። በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎን ከኋላዬ ዘሎ ተቀመጠ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ቁልቁለቱን የማውቀው ከወንድሜ ጀርባ ሆኜ ነበር። ከፊት ሲቀመጡ ሌላ አገር ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ዓይኔን አስነብቶ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ይነዳዋል። አስፋልቱ ከእግሬ ሥር እንደ ውሃ ይፈሳል። ገመዱን በትንሹ ሳብ ሳደርግ ጋሪው ሲታዘዘኝ፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ታጭቀው ሳለ እኔ የዚህ ሁሉ መንገድ ባለቤት መሆኔ ገባኝ። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ራሴን ያመንኩበት ቅጽበት ቢኖር ጥቂት ነው።

ድልድዩ የሚታየው መታጠፊያው ከታለፈ በኋላ ነው። ታጥፌ ስወጣ፣ ወታደር የጫኑ ኦራል መኪኖች ተከታትለው ድልድዩን እየተሻገሩ ሽቅብ ሲመጡ አየሁ። በእኛ በኩል ደግሞ አንዲት የገጠር ሴት ኩበት የተጫኑ አህዮቿን መንገዱን ሞልታ ወደ ገበያ ትነዳለች።

"ፍሬን!" ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ዱላውን ሳበ። ምስማሩ ለቀቀ፤ ዱላው ከነጎማው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ።

"ተነቀለ!" አለኝ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

በግራዬ ኦራል፣ ፊት ለፊቴ አህያ። በቀኜ ቦዩ አለ፤ ከቦዩ ወዲያ ወንዙ ክረምት ክረምት የሚተኛበት ረግረግ ሜዳ። አሰብኩ ማለት አልችልም። በሙሉ ኃይሌ ገመዱን ወደ ቀኝ ሳብኩ። ጋሪው ከአስፋልቱ ወጣ፣ ቦዩ ጠርዝ ላይ ነጠረ፣ እኛም ያለ ጋሪ ጉዟችንን ቀጠልን። እኔ በሆዴ ጭቃው ላይ አረፍኩ። አፌ ውስጥ ጭቃና የጥርስ ስባሪ ተደባልቆ አገኘሁት። ወንድሜ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣብቆ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሴትዮዋ አህዮቿን ትታ "ልጆቼን! ልጆቼን!" እያለች ወደ እኛ ሮጠች። የፊተኛው ኦራል ቆመ፤ ከጋቢናው አንድ ወታደር ዘሎ ወረደ። በእኔ ዓይን ትልቅ ሰው ነበር፤ አሁን ሳስበው ጺም በቅጡ ያላወጣ ጎረምሳ ነው። የወንድሜን ክንድ ዳሰስ አድርጎ ከራሱ አንገት ላይ ሻሹን ፈታና ክንዱን በወንድሜ አንገት ላይ አንጠልጥሎ አሰረለት።

"መሪውን የያዘው ማን ነው?" ሲል ጠየቀ።

ወንድሜ እንዳልሰማ ክንዱን ያያል። ሊከላከልልኝ ነው መሰለኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ።

ወታደሩ በአስፋልቱ ላይ አህዮቹን፣ መኪኖቹን፣ ከዚያ ወደ ሜዳው የወጣንበትን አቅጣጫ አየ።

"ደህና ቦታ መርጠሻል" አለኝ። "በይ አሁን ወንድምሽን ወደ ወጌሻ ውሰጂው። ቶሎ!"

ወታደሮቹ ወደ ጦር ግንባር እንደሚሄዱ ልጆችም ብንሆን እናውቅ ነበር። ሻሹን ልንመልስለት አንችልም፤ እሱም አልጠየቀም። መኪኖቹ አለፉ።

ወጌሻው ገበያው ሥር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከስብሰባ በእርጅናቸው ነፃ ስለተደረጉ እቤት አገኘናቸው። ክንዱን በቅቤ እያሹ ስለ ትምህርቱ ይጠይቁታል፤ እሱ ሲመልስ ሳያስበው ሳቡት። ጩኸቱ ቀበሌ አዳራሽ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በቀርከሃ ስንጥር አስረው "ወንድ ልጅ አጥንቱ ሳይሰበር አያድግም" ብለው ሸኙን። ስለ ሴት ልጅ ጥርስ ያሉት ነገር የለም።

እናቴ ከስብሰባ ስትመለስ ከቦዩ አውጥቼ ከጎተትኩት ጋሪ ጋር ደጃፍ ላይ ተሰልፈን ጠበቅናት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ገረፈችን፣ ከዚያ አበላችን። ጋሪውን ግን አልማረችውም።

"ይሄ ነገር ነገ ምድጃ ውስጥ ይገባል!" አለች።

አባቴ ጋሪውን ገልብጦ ሥሩን ያያል። "ፍሬኑን በምስማር ነው የመታችሁት?"

"አዎ አባዬ" አለ ወንድሜ።

"ምስማር እንዲህ ያለ ነገር አይችልም። ቡሎን ነው የሚያስፈልገው።"

"ሰውዬ፣ እኔ ላቃጥለው ነው የምለው፤ አንተ ትጠግናለህ?" አለች እናቴ።

"አንቺስ ያደግሽው አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ አይደለም እንዴ? ማን አስሮ አሳደገሽ?"

እናቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ጋሪው ዳነ። አባቴ ፍሬኑን በቡሎን አሰረልን፤ አስፋልቱ ላይ ብንነዳም ግድ እንደሌለው፣ ግን ከመታጠፊያው በታች ከተገኘን እሱ ራሱ እንደሚሰብረን ነገረን። የቤታችን የደህንነት ደንብ ይኼው ብቻ ነበር። አከበርነውም።

የልጄ ልጅ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚያድገው። ግቢው ውስጥ ብስክሌት ለመንዳት ጠንካራ የብስክሌት ኮፍያ ይደፋል፣ ጉልበቱ ላይ መከላከያ ያስራል፤ እናቱ ከፎቅ ትመለከተዋለች። ትምህርት ቤት ሲደርስ በስልክ ይነግራታል። አልፈርድባትም፤ የመኪናውን ብዛት አያለሁ። ነገር ግን ልጁ ወድቆ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ፎቁ ነው። እኛ ስንወድቅ የምናየው እርስ በርሳችንን ነበር። የተሻለው የቱ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ሳላመነታ የእኛው ነው እላለሁ።

ወላጆቻችን ግን ደፋር ስለሆኑ የለቀቁን አይምሰላችሁ። የሚፈሩት ሌላ ነገር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንድሜ ቁመቱ ረዝሞ ከንፈሩ ላይ ቀጭን ጺም ሲያበቅል ያ የሚፈሩት ነገር ደረሰ። ለውትድርና አፈሳ ተጀመረ ሲባል የሰፈራችን ጎረምሶች በሙሉ ከመንገድ ጠፉ። አንዳንዱ ቆላ ወደ ዘመድ ወረደ፣ አንዳንዱ ጣሪያ ሥር ተደበቀ። ወንድሜን እናቴ ጓዳ አስገብታ ዘጋችበት። ክንዱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ነበር የዳነው፤ "ምናልባት በዚህ ይተዉት ይሆናል" እያለች ትጸልያለች፤ እሷው ደግሞ አትተማመንበትም።

እንዲህ ሆኖ አስፋልቱ ለሴቶች ልጆች ቀረ። የጎረቤቶቻችንን ልጆች ሰበሰብኩ፤ ዳገት ከመግፋት በቀር ምንም የማያውቁትን። መሪ አያያዝ አስተማርኳቸው። በተራ ነዳን። ትንንሽ ወንዶች እየመጡ "እኛም እንግፋ?" ሲሉን ፈቀድንላቸው።

እሁድ ጋሪዬን እየጎተትኩ ስመለስ ከጓዳው መስኮት ሥር አልፋለሁ። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማው የእኛን ድምፅ ነበር። አንድ ቀን በመስኮቱ ስንጥቅ ጠራኝ።

"ስሚ፤ የኋላው ግራ ኩሽኔታ ያፏጫል። ቅባት ጨርሷል።"

"ከዚህ ሆነህ ነው የሰማኸው?"

"ከመታጠፊያው ጀምሮ። ማን ነበረች የምትነዳው?"

የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ መሆኗን ነገርኩት።

"ጎበዝ ናት" አለ። "ግን መታጠፊያው ሳይደርስ ቀደም ብላ ታቁም በያት።"

ከአባቴ ጣሳ ቅባት አምጥቼ እዚያው መስኮቱ ሥር ጋሪውን ገለበጥኩት። እሱ ከውስጥ እየነገረኝ፣ እኔ ከውጭ ቅባቱን በጣቴ እየጠቀጠቅኩ ኩሽኔታውን ቀባሁት።