ያልተፈረመበት ሰዓት

ሰው ሁሉ «እታለም» ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። እናቷን አራት ዓመት አስታማ ከቀበረች በኋላ ባዶው ቤት አላስቀምጥ ቢላት በአረጋውያን መጦሪያው ተቀጠረች። ያኔ አስታማሚዎቹ ከእሷ ጋር ሦስት ነበሩ። ባለቤቱ ትርፍ እንዲበዛለት ሁለቱን አሰናበተና አሥራ ሁለቱን አረጋውያን እሷ ላይ ጣለ።

ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ደንብ ነው። ያገላበጠው ሰውም ግርጌ በተሰቀለው ወረቀት ላይ በየተራው ይፈርማል። እታለም የምትፈርመው ላደረገችው ብቻ ነው። ገላ ስታጥብና ስታጎርስ የረፋዱና የቀትሩ ተራ ያመልጣታል፤ ወረቀቱም እዚያ ላይ ባዶ ነው።

«ያረጀ ኮት መገልበጥ የእኔ ሙያ ነበር፤ ቀማሽኝ» ይሏታል አልጋ የያዙት አዛውንት ልብስ ሰፊ ስታዞራቸው።

«አባባ፣ ይልቅ ትከሻዬን ይያዙኝ።»

መጦሪያዎችን የምትፈትሸው የመንግሥት ተቆጣጣሪ በምትመጣበት ቀን ማለዳ ባለቤቱ የልብስ ሰፊውን ወረቀት ይዞ ወጥ ቤት ገባ።

«ባዶ ቦታዎቹን ሙዪ።»

«ያላደረግኩትን?»

«ፊርማ እኮ ነው እታለም፤ ድንጋይ ተሸከሚ አላልኩሽም። ቤቱ ቢዘጋ አንቺስ የት ትገቢያለሽ?»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ግን ከትናንት ወዲያ ልብስ ሰፊው ወገብ ላይ የቀላ ቦታ አይታለች፤ የእናቷም ቁስል እንዲሁ ነበር የጀመረው። ወረቀቱን እንዳለ መልሳ ሰቀለችው።

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ደጋግማ አየች።

«ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ረስታው ነው» አለ ባለቤቱ ፈጠን ብሎ።

«አልረሳሁም» አለች እታለም። «አላገላበጥኳቸውም። እነሱ አሥራ ሁለት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ።»

ተቆጣጣሪዋ የአዛውንቱን ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ ቅላቱን አየች። «ሌላ መጦሪያ ስሄድ ወረቀቱ ሁሉ ተሞልቶ ነው የሚጠብቀኝ» አለች በዝግታ። ከዚያ ጻፈች፦ በሳምንት ውስጥ ሁለተኛ አስታማሚ ይቀጠር፤ እስከዚያ አዲስ ተጧሪ መቀበል ክልክል ነው። ስትወጣ ወደ ባለቤቱ ዞረች። «ስመለስ እሷን እዚሁ ላግኛት።»

ባለቤቱ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአምስተኛው ቀን ከቀድሞዎቹ አስታማሚዎች አንዷን አስጠርቶ አመጣት። «አንድ እጅ አያጨበጭብም» አለ፣ የራሱ ሐሳብ ይመስል።

በቀትሩ ተራ ሁለቱ ሴቶች አዛውንቱን አዞሯቸው። ቅላቱ ገና አልጠፋም፤ ቆዳው ግን አልተላጠም። እታለም ፈረመች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ምሳዋን ተቀምጣ በላች።