የእትዬ ማንጠግቦሽ ገላጣ መኪና

ባለፈው ክረምት አንድ መኪና መጠገኛ በር ላይ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ሳለ፣ ውስጥ ያለው ወጣት የተፈታ ብረት በቤንዚን ሲያጥብ ሽታው መጣብኝ። አብሮኝ የተጠለለው ሰው አፍንጫውን በጋቢው ሸፈነ። እኔ ግን አየሩን ሳብኩት። ዝናቡ ካባራ በኋላም እግሬ አልተንቀሳቀሰም፤ ልቤ ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ገብቶ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። የእኛን ግቢ ከእትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ የሚለየው እስከ ደረቴ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ነበር። አባቴ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ የሚጽፍ መሪጌታ ሲሆን ዝምታ ይወዳል። ጎረቤታችን ደግሞ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ትውላለች፤ መኪናው ዝም ሲል እሷ ታዜማለች። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ቀሚሱን የሚያሰፋው እሷ ዘንድ ነበር። አጭር፣ ደማቅ ቀይ ሴት ናት፤ መርፌ ሁልጊዜ ከነጠላዋ ጠርዝ አይጠፋም።

ባሏ አያ ካሳሁን ከጎንደር አስመራ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ ከአስመራ ሲመለስ ከጭነቱ ኋላ በገመድ ያሰራት ትንሽ መኪና ይዞ መጣ። ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ የተዋት፣ የማትንቀሳቀስ፣ ጃፓን የተሠራች ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ እሱም ተቀዷል። መሪዋ ደግሞ እንደ ሌላው መኪና በግራ ሳይሆን በቀኝ ነው። ሰፈሩ ሊያያት ተሰበሰበ። «ይቺማ ራሷ ገላጣ ናት» አለ አንዱ፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ ገላጣዋ ሆኖ ቀረ። አያ ካሳሁን እየሳቀ ጓሮው ዳስ ሥር አስገባትና «ጊዜ ሳገኝ አስነሣታለሁ» አለ።

ጊዜውን ያገኘው ባልተመኘው መንገድ ነው። ሊማሊሞ ላይ ጭነት ሲያስር ወድቆ ቀኝ ክርኑን ተሰበረ። ወጌሻው አሰረለት፤ አጥንቱም ገጠመ። ክንዱ ግን እንደታጠፈ ቀረ። ጣቶቹ ይጨብጣሉ፣ እጁ ግን አይዘረጋም። የጭነት መኪናው ማርሽ ላይ መድረስ አቃተውና ሥራውን ለቀቀ።

ያ ተረበኛ ሰው ከበረንዳው ጥግ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ጀመረ። ሰላም ስለው አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል። ሳንጃ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ አያ አድማሱ ይህን ሲሰማ፣ «ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ወደ አገሩ እወስደዋለሁ፤ ሌላው ቢቀር የሰሊጥ ማሳ ይጠብቃል» ብሎ ላከ። እትዬ ማንጠግቦሽ መልእክቱን የሰማች ቀን ካቡ ላይ ተደግፋ ለእናቴ ስታወራ ትዝ ይለኛል። «ወፍ ሲያባርር ሊያረጅ ነው! ካሳ መንገድ ካላየ ይሞትብኛል» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፋት ያየኋት ያን ዕለት ነው።

በማግሥቱ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ዳሱ ሥር ገባች። የገላጣዋን ጣሪያ ፈትታ አውርዳ፣ ቀዳዳውን በወፍራም ሸራ ትጥፍ ጀመር። ሦስት መርፌ ሰበረች። ያን ስትጨርስ የሞተሩን ክዳን ከፈተችና ባሏን ተጣራች።

«ካሳ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

«ተይው አንቺ ሴት።»

«ልነካው አይደለም። ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«ካንዴላ ነው» አላት ከተቀመጠበት። «እሳት የሚሰጠው እሱ ነው።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ ጠቆረ?»

አያ ካሳሁን ለማየት ተነሣ። ሲነሣ አየሁት፤ እናቴንም ጠርቼ አሳየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይናገራል፣ እሷ ትፈታለች። የፈታችውን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ትደረድረዋለች። የመኪናዋን ቤንዚን መያዣ ዝገት ለማስለቀቅ ከቀሐ ወንዝ የለቀመችውን ጠጠር ከትንሽ ቤንዚን ጋር ከትታ፣ ቅቤ እንደሚንጥ ሰው ከወዲያ ወዲህ ትንጠው ነበር። በመርፌ የማይደፈሩትን ቀጫጭን የቤንዚን መተላለፊያ ቀዳዳዎች በፈረስ ጭራ ታጠራለች። ማታ ማታ እጇን በሎሚና በአመድ ብታሽም ጥቁሩ ከጥፍሯ አይለቅም። ሙሽሮቹ ነጭ ቀሚሳቸው እንዳይቆሽሽ ቢሰጉ «እናንተ ብቻ አግቡ እንጂ እጄንስ እታጠባለሁ» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ሁሉንም ገጥማ ስትጨርስ ጨርቁ ላይ አንዲት ትንሽ ሞላ፣ የተጠማዘዘች ሽቦ፣ ተርፋ ተገኘች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ጃፓኖቹ ለምርቃት የሰጡን ትሆን?» አለች።

አያ ካሳሁን ሳቀ። ዕንባው እስኪፈስ፣ ደኅና እጁን ጉልበቱ ላይ እየመታ ሳቀ። አባቴ ሳይቀር ብዕሩን አስቀምጦ ብቅ አለ። ከዚያ ሁሉንም እንደገና ፈቱት።

አያ አድማሱ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሁለት በቅሎ እየነዳ መጣ። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ወንድሙን ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። «ተነሥ ወንድሜ፣ አገርህ እንግባ» አለው ገና ሳይቀመጥ።

እትዬ ማንጠግቦሽ እግሩን አጥባ፣ አብልታ፣ «አያ፣ አንዲት ነገር ይዩልኝና ከዚያ ይውሰዱት» አለችው። ዳሱ ሥር ወሰደችው። ሞተሩን በብረት እጀታ አዞረች፤ አንዴ አስሎ ዝም አለ። ቤንዚን ከሞተሩ ጎን ጠብ ጠብ ይላል። አያ ካሳሁን ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«በመጋጠሚያው መሐል የሚገባው ስስ ወረቀት በስብሷል። እሱ ደግሞ ከአስመራ ነው የሚመጣው» አለ።

«ወረቀት ነው? ቤንዚን የማያበሰብሰው ቢገኝስ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ካቡ ሮጠች። «መሪጌታ! የብራና ቁራጭ ይኖርዎታል?»

አባቴ ለምን እንደፈለገችው ጠየቃት፤ ነገረችው። ብራና ለእሱ ተራ ቆዳ አልነበረም። ገብቶ ከትርፍራፊው መካከል መዳፍ የምታህል ቁራጭ መርጦ ወጣ።

«ቃል አልሰፈረባትም። በቃ፣ እሷም ለሰው ልጅ ታገልግል» አለና ሰጣት።

በመቀሷ ቀዳዳዎቹን ለክታ ቆረጠች፤ ሳሙና ቀብታ አስገባች፤ አሰረች። እንደገና አዞረች። ገላጣዋ አስላ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ በቅሎዎቹ ግን ገመዳቸውን ሊበጥሱ ደረሱ።

አያ አድማሱ ተገረመ፤ ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ። «ሸጋ ነው ልጄ፣ ሸጋ ሠርተሻል። ግን ማን ሊነዳት? እጁ እንደሆነ አይዘረጋ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ መኪናዋ ዞረች። የቀኙን በር ከፍታ «ግባ ካሳ» አለች።

ባሏ አመነታና ገባ። የታጠፈው ቀኝ እጁ መሪውን ጨበጠ፤ ለዚያ መዘርጋት አያስፈልገውም። ከዚያ ግራ እጁን ወደ ጎን ሰደደ፤ ማርሹ እዚያው እጁ ሥር ነበር። መሪዋ በቀኝ ስለሆነ ማርሿ የሚገባው በግራ እጅ ነው። አንዴ አስገባ፣ አወጣ፣ ደግሞ አስገባ። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ታውቂ ነበር?»

«ጣሪያዋን ስሰፋ ገብቼ ተቀምጬባት ነበር» አለች።

አያ ካሳሁን የግራውን በር ከውስጥ ከፈተላት። እሷ ዞራ ከጎኑ ገባች፤ የግቢው በር ተከፈተ፤ ገላጣዋ እየዘለለች ወጣች። ሰፈሩ በእልልታ ተከተላት። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ወለቃ መንደር ደርሰው ሲመለሱ ሁለቱም ከፀጉራቸው እስከ ቅንድባቸው አቧራ ለብሰው ነበር።

አያ አድማሱ በቅሎዎቹን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቃቸው ነበር። ገላጣዋን ዞሮ ካየ በኋላ «እስቲ እኔንም አንድ ጊዜ ውሰደኝ» አለ። ጋቢውን ጠምጥሞ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ሄደ። ሲመለስ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የገዛውን ጋን ታቅፎ ነበር። በማግሥቱ ጋኑን ባዶ ኮርቻ ላይ ጭኖ፣ «ወንድሜን ልወስድ መጥቼ ጋን ይዤ ገባሁ» እያለ፣ እየሳቀ ወደ ሳንጃ ወረደ።

ያ ግቢ ከዚያ በኋላ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የአስመራ መንገድ ሾፌሮች መኪናቸውን እያመጡ አያ ካሳሁንን ያማክራሉ፤ እሷ የጭነት ሸራቸውንና ወንበራቸውን ትሰፋለች። የሰፈሩን ሴቶች ልጆችም ሥራውን አስተማረቻቸው። እኔ ለስፌት አልታደልኩም። ገላጣዋ ከዓመታት በኋላ ተሸጣ ሄደች። ባልና ሚስቱም ሸምግለው፣ በተራ በተራ፣ በሰላም አረፉ።

አምና ጎንደር በሄድኩ ጊዜ አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንዲት አሮጊት የጭነት ሸራ ሲሰፉ አየሁ። ሸራው ከእግራቸው አልፎ መንገዱን ይዟል። ሥራውን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው።

«ማንጠግቦሽ ነፍሷን ይማር» አሉ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ። ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠችውን የልጅ ልጃቸውን «ያዝ አድርጊልኝ፣ ጠርዙን ልዙረው» አሏት።