ሰባቱንም አጽዋማት የሚጾመው አባቴ

ሐኪሟ የደም ምርመራዬን ውጤት አይታ፣ ጫማዬን አስወልቃ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ስትይዘው፣ ድንገት የኮረሪማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ክፍሉ ውስጥ ኮረሪማ አልነበረም። የአባቴ እግር ነው የታወሰኝ።

አባቴ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ይሸጥ ነበር። ቀጭን ሰው ነው። የተረከዙ ጅማት ግን እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጦ ጫማ አልገባ ስለሚለው፣ የኋላውን ረግጦ እየጎተተ ይሄዳል። ከሥራ ሲመለስ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ። "አባዬ፣ ያምሃል?" ስለው፣ "የቁም ሥራ ነው ልጄ" ይለኛል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ልጆች በጫማው ሳቁ። አፍሬበት ጥዬው ቀድሜ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ደረቱን ሲወጋው መሳለሚያ ወዳለ ክሊኒክ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። "እናንተ ነጋዴዎች ጮማ ታበዛላችሁ። ሥጋና ቅቤ ይቀንሱ" አለው። የአባቴ የዓይን ቆብ ላይ ቢጫ ነገር ተጋግሯል፣ የጣቶቹ አንጓ አብጧል፤ እግሩንማ ማን ይይለት! አባቴ ሰባቱንም አጽዋማት የሚጾም ሰው ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ "እሺ ጌታዬ" አለ። ስንወጣ ግን፣ "እኔ ጮማ የት አግኝቼ?" ብሎኝ ሳቀ።

ከዚያ በሦስተኛው ወር፣ ጠዋት የበርበሬ ጆንያ ሲፈታ እዚያው ወደቀ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለቅሶ ላይ ከፊሉ "የሰው ዓይን ነው" አለ፤ ከፊሉ ደግሞ "ጮማው ነው የገደለው።" ጾመኛው ሰው ሞቶም በጮማ ታማ።

ይህን ሁሉ ስነግራት፣ "ከአባትሽ የወረስሽው ነው" አለችኝ ሐኪሟ። "ጉበትሽ ኮሌስትሮሉን ከደም ውስጥ በደንብ አያነሣውም፤ ከተወለድሽ ጀምሮ በልብሽ ደም ሥርና በዚህ ጅማት ሲጠራቀም ኖሯል። ጾም ብቻውን አያወርደውም። ልጅም ካለሽ፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።"

"በምንድን ነው ያወቅሽው?"

"በደምሽ ውጤት፣ በዚህ ጅማት፣ ደግሞ በአባትሽ ታሪክ።"

አንድ ብልቃጥ ደምና ተረከዝ የሚነካ ጣት። ለአባቴ የጎደለው ይኸው ነበር። ምስጋና እንኳ ሳልሰጣት ወጣሁ።

ሰኞ ልጄን አስመረመርኳት። እሷም አለባት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዋን ኪኒን በውኃ አወራረደችና፣ "እስከ መቼ ነው የምውጠው?" አለችኝ።

"እስክታረጂ" አልኳት። አባቴ ሠላሳ ስምንት ላይ ቀርቷልና፣ ለቤታችን ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።